ማመልከቻው የልጁ ብቻ አይደለም

በጅቡቲ ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ማን ለማን እንደሚደውል፣ መዋጮው በማን እጅ እንደሚሰበሰብ፣ አስከሬኑ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ ወረቀቱን ማን ሮጦ እንደሚያስጨርስ ሲያጠያይቅ አላየሁም። ለሠርጉም ለክርስትናውም እንዲሁ ነን። ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ቤት ብቻውን ይቀራል። እናት ከሰው ቤት ሥራ ደክማ ትገባለች፤ ልጇ በስልኩ ላይ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ቅጽ ያሳያታል፤ «እኔ ምን አውቄ፣ አንተው ሙላው» ትለዋለች። እሱም አያውቅም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ለእናትየዋ አይደለም። እሷ የድርሻዋን ከበቂ በላይ ተወጥታለች። የምጽፈው ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ለወጣችሁ፣ ዛሬ በወደቡና በትራንዚት ቢሮዎች፣ በባቡሩና በትምህርት ቤቱ ለምትሠሩ ነው። አሁን በመማር ላይ ሆናችሁ ለእረፍት ወደ ቤተሰብ የምትመለሱትንም ይመለከታል።

ወላጆቻችን የሚያውቁት ቅደም ተከተል አንድ ነው። መጀመሪያ ፈተና ይወሰዳል፣ ውጤት ይጠበቃል፣ ያለፈ ምርጫውን ይሞላል፣ ከዚያ መንግሥት ይመድባል። ማትሪክ ያለፈውም የወደቀውም በዚህ ሥርዓት አድጓል። ስለዚህ «መጀመሪያ ይለፍ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» የሚሉት ባገር ቤቱ ልማድ ልክ ናቸው። ጅቡቲ ላይ ግን ይኸው ምክር የልጅን አንድ ዓመት ይበላል፤ እዚህ ማመልከቻ ከፈተና ይቀድማልና።

የጅቡቲን ባክ (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) የሚወስድ ልጅ ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ለመግባት ካሰበ፣ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ በሚይዘው የፈረንሳይ ተቋም በካምፓስ ፍራንስ በኩል የሚያስገባው ቅድመ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር አጋማሽ ይዘጋል። ባኩ የሚሰጠው በጁን ነው። በሊሴ ዦዜፍ ኬሴል የፈረንሳዩን ባክ የሚወስደው ደግሞ መንገዱ ፓርኩርሱፕ የሚባለው የኢንተርኔት ማመልከቻ ነው፤ ምርጫ የሚሞላውም ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል። ሁሉም ልጁ ፈተና ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ያልፋሉ። ውጤቱን ይዞ ሐምሌ ላይ ደስ ብሎት የሚመጣ ጎበዝ ልጅ በሮቹን ተዘግተው ያገኛቸዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።

የገንዘቡም ነገር ቀድሞ መነገር አለበት። የፈረንሳይ መንግሥት ለተማሪ ቪዛ ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው በወር 615 ዩሮ፣ በዓመት 7,380 ዩሮ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች የመመዝገቢያ ክፍያው ከፍ ብሏል፤ ከጭማሪው ነፃ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ብዙ ናቸው። የትኛው ነፃ እንደሚያደርግ አጣርቶ መምረጥ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ልጁ ብቻውን ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት መኖሩንም አይሰማም።

ሌላው መንገድ አገር ቤት መላክ ነው። በዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር ያለብን ይመስለኛል፤ «እዚያ ይቀለዋል» የሚል አሮጌ እምነት አሁንም አለና። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ለቀሩት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ እሱም ቢሆን ገደብ አለው። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክስን በፈረንሳይኛ ሲማር የኖረን ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነቅሎ ድሬዳዋ ዘመድ ቤት መላክ፣ በሁለት ቋንቋ መካከል ጥሎ መሄድ ነው። እዚያ የሚማር ከሆነ ውሳኔው መወሰን ያለበት የጅቡቲውን ዘጠኝ ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሲጨርስ፣ ሊሴ (ሁለተኛ ደረጃ) ከመግባቱ በፊት ነው። ይህንን የምለው አገር ቤት አይላክ ለማለት አይደለም። ሐረማያም ድሬዳዋም ለቤተሰብ የሚቀርቡ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በውጭ ሥርዓት የተማረ ልጅ ሲመለስ ግን የትምህርት ማስረጃው የአቻ ግምት ይፈልጋል፤ እሱንም ቀድሞ መጀመር ነው።

እዚሁ መቅረትም ነውር አይደለም። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመ ነው፤ ሕክምና ማስተማር የጀመረውም ብዙም ሳይቆይ ነው። የውጭ ዜጋ ተማሪ ምን ወረቀት ማቅረብ እንዳለበት፣ ምን እንደሚከፍል መጠየቅ ያለበት ከባክ በፊት ነው። ስደተኛ ሆነው ለተመዘገቡ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በዳፊ ስም የሚታወቅ የከፍተኛ ትምህርት ስኮላርሺፕ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የቆየ ነው። አሊ አዴና ሆልሆል ካምፖች ያሉት ወገኖቻችን ልጆችም ይህ ጥሪ ይመለከታቸዋል።

አሁን ወደ ዶሴው ልግባ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው በዶሴው እንጂ በዕውቀቱ አይደለምና። መጀመሪያ የልደት ቀን። ወላጅ በአገር ቤት አቆጣጠር የሚያውቀውን ቀን «ሰባት ጨምር» ብሎ ያስገባል። ኅዳር 20 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ ኖቬምበር 29 ቀን 2006 ነው፤ ልክ ነው። ጥር 20 ቀን 1999 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 2007 ነው፤ ጃንዋሪ ከገባ የሚጨመረው ስምንት ነውና። ፓስፖርቱ አንድ፣ የልደት ወረቀቱ ሌላ፣ የውጤት ካርዱ ሦስተኛ ዓመት ሲይዝ ማመልከቻው ይመለሳል ወይም ቪዛው ይከለከላል። ቀጥሎ ስም። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ቤት አባትና አያት እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን ይሞላል፤ በሚቀጥለው ቅጽ ደግሞ ይገለብጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደሉ ሳይቀየር፣ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት። ፓስፖርቱ ሊያልቅ የደረሰበት ደግሞ መስከረም ላይ ማሳደስ ይጀምር። የትራንዚት ቢሮ ሠራተኞች ሆይ፣ አንድ ፊደል ስትሳሳት ዕቃ ወደብ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆም ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ያ ዓይን ለእነዚህ ልጆች ያስፈልጋል።

ደላሎችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት አንድ ፍራንክ አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ21 ያነሰ፣ አማካይ ውጤቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለሕክምና ደግሞ 90 በመቶ ያለው ልጅ ራሱ በኢንተርኔት ይሞላዋል። ይህንን ነፃ ነገር «እኔ አስገባልሃለሁ» እያሉ ከድሃ እናት ገንዘብ የሚወስዱ አሉ። ሌላም አለ፣ ከዚህ የባሰ የሚያሳፍረኝ፦ ስኮላርሺፕ መከፈቱን ሰምቶ፣ የኔ ልጅ ተወዳዳሪ እንዳይበዛበት ብሎ ዝም የሚል ወላጅ። ከጅቡቲ የሚወዳደረው የጎረቤቱ ልጅ ብቻ ይመስለዋል።

ከእኛ በፊት የተማሩት ትውልዶች ያልተማረውን በማገዝ ረገድ ምን አደረጉ? በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎቹን ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ልኮ አብዛኞቹን አስተማሪ አድርጓቸዋል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በሕብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ፤ በ1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተከተለ። ዘመቻዎቹ የመንግሥት ትዕዛዝ ነበሩ፤ በተለይ የ1967ቱ ብዙ ወጣት የጠላውና ብዙም ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው፤ ላሞካሸው አልፈልግም። ቢሆንም የተማረ ሰው ላልተማረው ዕዳ አለበት የሚለው ሐሳብ ያኔ ማንም አስረድቶ የሚያሳምንበት ጉዳይ አልነበረም። ዛሬ የሚያዘን የለም። በእኛ ጊዜ የሚጠየቀው ደግሞ አንድ ዓመት ገጠር መውረድ ሳይሆን ከፒኬ 12 ወይም ከባልባላ ተነሥቶ በሳምንት አንድ ማታ ልጆቹን ቅጽ በመሙላት ለማገዝ መምጣት ነው።

ማታው ሐሙስ ይሁን፤ ዓርብ ሥራ የለምና ማንም ሰበብ አያገኝም። ሙቀቱ ከበረደ በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲው በሚሰጠን ክፍል። እዚያ የምንሠራው ንግግር አይደለም፤ ቅጽ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ከአንድ ልጅና ከእናቱ ጋር ይቀመጣል፤ ልጁ ይሞላል፣ አጋዡ ያያል፣ ለእናትየዋ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይነግራታል። እናትየዋ መቅረት የለባትም። ልጇ የት ሊሄድ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስወጣት ራሷ ሰምታ ካልፈቀደች ጉዳዩ ቪዛ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። በተለይ የሴት ልጆች ጉዳይ፦ «ብቻዋን አገር ታቋርጣለች?» የሚለው ጥያቄ ማርች ላይ ከሚነሣ ኦክቶበር ላይ ቢነሣ ይሻላል፤ አባትም ይምጣ።

ግድግዳው ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ያጣመረ አንድ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ እንሰቅላለን፤ የመዝጊያ ቀኖቹ በቀይ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ከፈረንሳይ፣ ከቱርክ፣ ከሞሮኮ፣ ከአዲስ አበባም ሆናችሁ በስልክ ልትገቡ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና ስላለው እዚያ ያላችሁ በጣም ታስፈልጉናላችሁ። ያስገባችሁት ደብዳቤ፣ የተጠየቃችሁት ቃለ መጠይቅ፣ የመጀመሪያው ወር ኪራይ፣ እነዚህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያው ማታ የመስከረም ሦስተኛው ሐሙስ ቢሆን ከዲሴምበሩ መዝጊያ በፊት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይኖረናል። የ11ኛ ክፍሎችም ይምጡ፤ የእነሱ ዓመት ቀላሉ ነው። ተማሪ ፓስፖርቱን፣ የልደት ወረቀቱን፣ የሁለት ዓመት የውጤት ካርዱን ዋናውንና ኮፒውን ይያዝ። ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፑን፣ ስካነር ያለው ስካነሩን ያምጣ። ምንም የሌለው ፈረንሳይኛውን ወይም እንግሊዝኛውን ይዞ ይምጣ፤ ሻይ የሚያፈሉ እናቶች አሉ።