ክሩን የሚያጸናው ሙጫ፤ ከመካ የሰዓት ማማ እስከ ድሪምላይነር

በመካ መስጂድ አል ሐራም አጠገብ በቆመው፣ 601 ሜትር ከፍታ ባለው የሰዓት ማማ ላይ 22 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ደቂቃ ቆጣሪና 17 ሜትር ገደማ የሚሆነው ሰዓት ቆጣሪ የተሠሩት ከካርቦን ክርና ከሙጫ ውሁድ ነው። ከጅዳ ተነሥቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ሠራተኛ ሊሳፈርበት የሚችለው ቦይንግ 787 ድሪምላይነርም የአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ በአብዛኛው ከዚሁ ዓይነት ቁስ የተገኘ ነው። ስለሆነም ይህ ቁስ ሙቀት ሲያገኘው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የብዙዎችን ደኅንነት ይነካል።

ግራፋይት ኤፖክሲ የሚባለው ይህ ውሁድ ሁለት ባሕርያትን ያጣምራል። ሸክሙን የሚሸከመው ከሰው ጠጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነው የካርቦን ክር ነው። ኤፖክሲ የተባለው ሙጫ ደግሞ ክሮቹን አጣብቆ ሸክሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ክሩ በርዝመቱ ሲሳብ እጅግ ብርቱ ቢሆንም ውሁዱ በአግድሙ ደካማ ስለሆነ፣ መሐንዲሶች ንብርብሮቹን በተለያየ አቅጣጫ ይደርባሉ። እንዲህ የተሠራው አካል ተመሳሳይ ይዘት ካለው አሉሚኒየም በ40 በመቶ ገደማ ይቀልላል።

በሙቀት ረገድም ብልጫ አለው። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በሐጅ ወቅት የመካ ሙቀት ከ51 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ነበር። ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 22 ሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ 13 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የአሉሚኒየም ዘንግ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የካርቦን ክር ግን በርዝመቱ አቅጣጫ ከሞላ ጎደል አይለወጥም።

ድክመቱ ያለው በሙጫው ላይ ነው። ሙጫው ሙቀት ሲበዛበት አስቀድሞ ይለሰልሳል፤ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ እየፈረሰ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ሙጫው ሲለሰልስ ክሮቹን ደግፎ መያዝ ስለሚያቅተው፣ አካሉ በተለይ ሲጫኑት ጉልበቱን ያጣል።

ይህ በተግባር የታየው በሐምሌ 12 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በለንደን ሂትሮው ነበር። ሰው ሳይኖርበት በቆመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር፣ «ንግሥት ሳባ» ላይ በኋለኛው ጣሪያ ውስጥ እሳት ተነሣ። የብሪታኒያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት መነሻው በአደጋ ጊዜ ምልክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ እንደሆነ ገለጹ። የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ከባትሪው የወጣው ነበልባል የአካሉን ሙጫ አፈረሰ፤ ሙጫውም በተራው ማገዶ ሆነ። በዚህ ምክንያት የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም እሳቱ በዝግታ መስፋፋቱን ቀጠለ።

ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ አልተጣለም፤ የተጎዳው አካሉ ተጠግኖ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ወደ በረራ ተመልሷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቁሱ የማይታመን ነው የሚል አይደለም። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ በውሁዱ ላይ ግን ንብርብሮቹ ከውስጥ ተላቀው ገጽታው ደኅና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የዓይን ፍተሻ ብቻውን አይበቃም፤ ጥገናው እንደ አልትራሳውንድ ያለ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

ተሳፋሪም ድርሻ አለው። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ እንዳይገቡ ዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ያዛል። በሰው አጠገብ የተነሣ እሳት ቶሎ ይታያል፤ ቶሎም ይጠፋል። ለቤተሰቡ ስጦታ ሸክፎ ከጅዳ የሚነሣ መንገደኛ ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት ባትሪዎቹን ለይቶ ቢያወጣ ራሱንም አብሮት የሚበረውንም ይጠብቃል።