ከነጥቡ መልስ

ባለፈው ጳጉሜ እህቴን ልጠይቅ የልጅ ልጄን አስከትዬ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ሲጓዝ እንዳይሰለቸው ብዬ ስልኩን ሲነካካ ዝም አልኩት። ሰባተኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር ሚዛን አጠገብ እንደሚያልፍ ያገኘው ያኔ ነው። «አያቴ፣ መስመሩ ላይ ኬንትሮሱም ክብ ቁጥር የሆነ ቦታ መርጫለሁ። ሄደን እንቁምበት» አለኝ። «እዚያ ምን አለ?» ብለው፣ «ምንም የለም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው» አለ።

ነጥቡ ያረፈው ቡና እርሻ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ፈቃድ ስንጠይቅ ጥበቃው ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «እናቴ፣ የተቀበረ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። የለም ብዬ ብምልለትም ስላላመነኝ አብሮን ገባ። ለእኛም በጀን፤ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

ከመግባታችን በፊት የነርስነቴን ሁሉ አደረግሁ። ልጁን ረጅም ሱሪና ቦት ጫማ አስደረግሁት፤ በትርም አስያዝኩት። እግርህን በማታየው ቦታ አታሳርፍ አልኩት። እባብ ቢነድፍ ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥም ሆነ አጥብቆ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው፣ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ ነገርኩት። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ስልኩ 900 ሜትር ቀረ ይላል። ያ ግን ለሚበር ወፍ ነው። ለእኛ ቦይ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ዙሮ መውጣት አለ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ልጁ አቋራጭ አገኘሁ ብሎ ሳማ ውስጥ ገብቶ እጁ ተለበለበ። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የቀላ ፍሬ ይታያል። እግረ መንገዱን እያስተማረኝ ነበር፦ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዲግሪው ለ60 ደቂቃ ሲካፈል አንዷ ደቂቃ ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር ትሆናለች።

ስንደርስ ቁጥሮቹ አልረጋ አሉ። የጥላው ዛፍ ቅጠል ጥቅጥቅ ሲል የሳተላይቱ ምልክት ይደክማል። ልጁ እንቁላል ልትጥል እንደምትዞር ዶሮ ዋንዛውን ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ ዜሮዎቹ ተደረደሩ። ጥበቃው መሬቱን አይቶ «በቃ ይኸው ነው?» ሲል ሦስታችንም ሳቅን።

ለእንቁጣጣሽ ተመለስን። በተመለስን በ12ኛው ቀን ልጁን ትኩሳት ያዘው፤ ብርድ ብርድ አለው፣ ራሱንም አመመው። እናቱ ክሊኒክ ወሰደችው። «ጉንፋን ነው» ተብሎ ፓራሲታሞል ይዞ መጣ። ከየት ነው የመጣኸው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ ቶሎ አይታሰብም። እኔ ስሰማ ሌሊቱን አላሳደርኩትም፤ ሌላ ቦታ ወስጄ ደሙን አስመረመርኩ። ፋልሲፓረም ወባ ነበር። ለሦስት ቀን የሚወሰደውን መድኃኒት ጨርሶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ።

ክሊኒኩን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ቡና እርሻው ውስጥ የሄድነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የወባ ትንኝ ደግሞ በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እህቴ ቤት አጎበር ነበር። ልጁ «ሙቀት ነው፣ ያፍነኛል» ሲለኝ ራሴ ጠቅልዬ ሰቀልኩለት። ስንት እናት አጎበር ካልዘረጋሽ ብዬ የተቆጣሁ ሴትዮ! እባቡን ስጠብቅ ትንኟ በመኝታ ቤት ገባች።

እንግዲህ እናንተ ልጅ ይዛችሁ ቆላ የምትወርዱ፣ አጎበሩ ቢሞቅም ይዘርጋ። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሳምንታት ቢያልፉም፣ ልጁ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን አስመርምሩ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንደነበራችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

ልጁ አሁን ደግሞ ስምንተኛው መስመር ላይ ሌላ ነጥብ እየፈለገ ነው። አልከለክለውም። አጎበሩን ግን ከወዲሁ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።