ግራጫ ወይስ ክሬም?

በአራዳ አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግድግዳውን ላሳድስ ብሎ ሲነሣ፣ ክርክሩ ዛሬ ዛሬ በሁለት ቀለሞች ላይ ተወስኖ ይቀራል። ግራጫ ወይስ ክሬም? አንዱ ጎረቤት «ግራጫ ዘመናዊ ነው፤ አቧራም አያሳይም» ይላል። ሌላው «ክሬም ቤት ያበራል» ብሎ ይሟገታል። እኔ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተንጋዷል እላለሁ። ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ግድግዳው ነው።

እስቲ ግድግዳውን እንጠይቀው። በፒያሳና በጊዮርጊስ ዙሪያ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የሲሚንቶ ልጆች አይደሉም። መሠረታቸው ድንጋይ፣ አካላቸው እንጨትና በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ በረንዳቸው ሳንቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። ጭቃ ውሃ ይስባል፤ መልሶም ይተነፍሳል። አባቶቻችን ኖራ ይቀቡ የነበረው ሌላ ቀለም ስላጡ ብቻ አይደለም። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ፕላስቲክ ቀለም፣ ይልቁንም የዘይት ቀለም፣ እርጥበቱን እውስጥ ያፍነዋል። ክረምት ሲገባ ቀለሙ ያብጣል፤ ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ከዚያም «ቤቱ አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይባላል። አርጅቶ ነው ወይስ ታፍኖ?

ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ብዙ ሕንፃዎች ግራጫ ለብሰዋል። ለሲሚንቶና ለመስተዋት ሕንፃ ይሁን፤ ልብሱ ነው። መንገድ መጽዳቱንም የምጠላ አይደለሁም። ነገር ግን እነዶሮ ማነቂያ በዚያው ዓመት ከፈረሱ በኋላ፣ የተረፉትን ጥቂት ቤቶች አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ማልበስ ምን የሚሉት ነው? አራዳን ሐበሻው፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ እያንዳንዱ በእጁ ሠርቶታል። መልኩም ያ ነው። ደግሞስ ክረምቱን ሙሉ ግራጫ የሚሆነው ሰማይ አይበቃንም?

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ፣ ክሬም እላለሁ። ኖራ ላይ ጥቂት ቢጫ አፈር ሲጨመርበት የሚወጣው መልክ ከክሬም ብዙ አይርቅም፤ ቤቱ ያውቀዋል። ግን ከባልዲ የተገዛው ክሬም ሳይሆን ያ በኖራ የተበጠበጠው ይሁን!

የነገሩ ሥር ግን ከዚህም ይጠልቃል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ የብዙው አሮጌ ቤት ባለቤት መንግሥት፣ ነዋሪው ተከራይ ነው። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩ ጥቂት ብር ኪራይ ይሰበስባል። ቆርቆሮው ሲያፈስ ኃላፊው አይታወቅም። በዓል ሲደርስ ከተከራዩ አቅም የማያልፈው አንድ ባልዲ ቀለም ብቻ ነው። እንግዲህ ቀለሙ የጥገና ምትክ ሆኖ አረፈው!

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስለዚህ አከራዩም ተከራዩም ይስሙኝ። ቆርቆሮው ይቀየር፤ አሸንዳው ይቃና፤ የተላጠው በጭቃ ይመረግ፤ ይድረቅ። ባልዲው ከመምጣቱ በፊት መሰላል ይምጣና ጣሪያው ይታይ። ስለ ቀለሙ ከዚያ በኋላ እንጣላለን።