«ፎርማት አድርገው» ባዮች ሆይ፣ እባካችሁ ተዉን!

እኔ የምለው፣ በዚህች ከተማ ስለ ኮምፒውተር ምክር ከመስጠት የቀለለ ሥራ አለ እንዴ? ምክሩ አንድ ነዋ! ማሽኑ ዘገየ? ፎርማት አድርገው። ፕሪንተሩ አልታይ አለ? ፎርማት አድርገው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ፈሰሰ? «ለማንኛውም ፎርማት ቢደረግ አይከፋም» የሚል አማካሪ አይጠፋም።

ይህ ምክር ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደኝ ጌም ወዳዱ ላይ ሲመጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ስካይሪም ላይ ሞድ ይጭናል። ሣሩ ያምራል፣ ድንጋዩ ይጠራል፣ ሰማዩ ሌላ ይሆናል። ከሳምንት በኋላ ይሰለቸዋል፤ ወይም ደካማዋ ላፕቶፑ ማቃሰት ትጀምራለች። ሞዱን ያራግፋል። ጌሙን ሲከፍተው… ሣሩ እዚያው ነው! ድንጋዩም እዚያው! ሞዱ ሙድ ይዞበታል ማለት ነው።

ልጁ ይጠይቃል። አንዱ «ፎርማት አድርገው» ይለዋል። ሁለተኛው «ጌሙን አጥፍተህ እንደገና ጫነው» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሐኪም አንገቱን እየነቀነቀ «ሴቭህ ተበላሽቷል፤ ከመጀመሪያው መጫወት አለብህ» ይለዋል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ያውም በሙሉ ልብ!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በጌም ውስጥ ያለ ግድግዳ፣ ፊት፣ ልብስ ሁሉ በራሱ ባዶ ቅርጽ ነው። ቴክስቸር የሚባለው ቅርጹ የሚለብሰው ቆዳ ነው። ስካይሪም መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለው እትም ደግሞ በ2016 መጣ፤ የዚህ እትም ቆዳዎች በሙሉ ቤተስዳ አሽጎ በሰጣቸው 9 ትልልቅ «ቢኤስኤ» ፋይሎች ውስጥ ናቸው። ጌሙ ግን አንድ ሕግ አለው፦ ከታሸገው ይልቅ ልቅ የሆነው ፋይል ይቀድማል። «ዳታ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ቴክስቸርስ» የሚል ፎልደር ካለና በውስጡ ያው ስም ያለው ምስል ከተገኘ፣ ጌሙ የታሸገውን ትቶ እሱን ያለብሳል። ማን እንዳመጣው አይጠይቅም። ሞዱ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም።

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሞድ ማለት ዝርዝሩ ላይ ምልክት የሚደረግበት ነገር ይመስለዋል። ምልክቱ የሚደረገው ለ«ፕለጊኑ» ብቻ ነው። ሞዱ ቆዳዎቹን በራሱ ቢኤስኤ አሽጎ ያመጣ ከሆነ፣ ፕለጊኑ ሲነሳ ቆዳውም አብሮ ይነሳል፤ ተገላገልክ። ልቅ አድርጎ ዳታ ውስጥ የበተነ ከሆነ ግን ፕለጊኑን አንሳው፣ ሰባብረው፣ ቅበረው፤ ቆዳው ንቅንቅ አይልም። ቆዳ ብቻ የሚቀይሩት ሞዶች ብዙዎቹማ ጭራሽ ፕለጊን የላቸውም። የሌለ ምልክት ከየት ይነሳል?

አሁን ወደ ሁለተኛው አማካሪ እንምጣ። «አጥፍተህ እንደገና ጫነው»። ጥሩ። ስቲም ላይ ጌሙን ስታራግፍ ስቲም የሚያነሳው ራሱ ያወረደውን ነው። አንተ ወይም ሞዱ ያስገባችሁትን ፋይል አያውቀውም፣ አይነካውም። ስለዚህ ፎልደሩ እንግዳውን ይዞ ይቀመጣል። እንደገና ስትጭን አዲሱ ጌም የሚያርፈው እዚያው ፎልደር ላይ ነው። ቤተስዳ ለስፔሻል ኤዲሽን የጠየቀው ቦታ 12 ጊጋ ባይት ነው። ያንን ሁሉ በሞባይል ፓኬጅ፣ ያውም ሌሊት ተነስተህ አውርደህ፣ ጠዋት ስትከፍተው ያው ሣር እንደምን አደርክ ይልሃል! ምክሩን የሰጠህ ልጅ የዋይፋዩን ሒሳብ አባቱ የሚከፍሉለት መሆን አለበት።

«የፋይሎችን ትክክለኛነት አረጋግጥ» የሚለው የስቲም ቁልፍም ከዚህ አይሻልም። ዝርዝሩን ይዞ የጎደለ ወይም የተቀየረ ፋይል ካለ ያወርዳል። ትርፍ ፋይል ግን አይታየውም። ማታ ቤተሰቡን ቆጥሮ «ሁሉም ገብተዋል» ብሎ የሚተኛ ዘበኛ ማለት ነው፤ ሌባው ሳሎን ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ! ከዚያም ስክሪኑ ላይ «ሁሉም ፋይሎች ተረጋግጠዋል» ይልሃል። አንተም «እንግዲያውስ ችግሩ ዊንዶውሱ ነው» ትልና ወደ ፎርማት ትሄዳለህ።

ፎርማቱን ደግሞ እንየው። አብዛኛው ሰው ዊንዶውሱን ሲ ላይ፣ ጌሙን ዲ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ጠጋኙ ፎርማት የሚያደርገው ሲን ነው። የስካይሪም ሴቮች በነባሪው የሚቀመጡት ደግሞ «ዶክመንትስ» ውስጥ ነው፤ ማለትም ሲ ላይ። ውጤቱ ገባችሁ? የ80 ሰዓት ጨዋታህ ጠፋ፣ ፎቶህ ጠፋ፣ የእህትህ የመመረቂያ ጽሑፍ ጠፋ፣ ጥፋተኛው የሣር ምስል ግን ዲ ላይ ሆኖ ይስቃል። ንጹሐንን ጨርሶ ወንጀለኛውን የሚተው ፍርድ!

ሦስተኛውን ሐኪም በአጭሩ ልሸኘው። ሴቭ ውስጥ ያለው የት እንደቆምክ፣ ምን እንደያዝክ፣ የትኛውን ተልዕኮ እንደጨረስክና ሲሠሩ የነበሩ ስክሪፕቶች ናቸው። ስክሪፕት ያለው ሞድ በጨዋታ መሃል ሲነሳ ሴቩ ላይ ጣጣ መተዉ እውነት ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የድንጋይ ቆዳ ግን ሴቭ ውስጥ የለም። ለድንጋይ ብለህ ከመጀመሪያው የምትጀምርበት ምክንያት የለህም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ ጌሙ ይህን ምስል ከየት እያነሳው ነው? ስፔሻል ኤዲሽን ከቤተስዳ ሲመጣ ዳታ ውስጥ «ቴክስቸርስ» የሚባል ፎልደር የለውም። ካለ፣ ያመጣው ሞድ ነው። አታጥፋው፤ ስሙን ብቻ ለውጠውና ጌሙን ክፈት። ድንጋዩ ወደ ድሮው ከተመለሰ ጥፋተኛውን በአንድ ደቂቃ አገኘኸው፤ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ጠጋኝ፣ ያለ ሳንቲም። ልታቆያቸው የምትፈልጋቸው ሌሎች ሞዶች ካሉህ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ግማሽ በግማሽ እየመለስክ ሞክር። «ላንድስኬፕ» መሬቱን፣ «አርኪቴክቸር» ቤቶቹን፣ «ስካይ» ሰማዩን ነው የሚይዘው። ስማቸው ራሱ ይናገራል።

ቀለሙ ብቻ ከሆነ የቀረው፣ ማለትም ዓለሙ በሙሉ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነብህ፣ ያ ቴክስቸር አይደለም። ምናልባት «ኢኤንቢ» ጭነህ ነበር። እሱ የሚቀመጠው ከዳታ ውጪ፣ ጌሙን የሚያስነሳው ፋይል አጠገብ ነው፤ «ዲ3ዲ11» የሚል ዲኤልኤል እና «ኢኤንቢሲሪስ» የሚል ፎልደር ፈልግ። ሰው ዳታን ሲበረብር ውሎ ይህን ሳያይ ያድራል።

ሌላው የሚያስደነግጠው የፊት ነገር ነው። የሰዎቹን መልክ የሚያሳምር ሞድ ካነሳህ በኋላ ሊዲያ አንገቷ በአንድ ቀለም፣ ፊቷ ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ትመጣለች። እርግማን አይደለም። ፕለጊኑ ሄዶ «ፌስጀንዳታ» በሚባለው ፎልደር ያሉት የፊት ፋይሎች ቀርተዋል፤ ጌሙ ስለ ፊቷ የሚያውቀውና ፋይሉ የሚለው አልገጠሙም። ፎልደሩ ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ ቴክስቸርስ ውስጥ፣ አንዱ «ሜሽስ» ውስጥ። አንዱን አንስቶ ሌላውን መተው ዋጋ የለውም።

አሁን ቁጣዬን ወደ ሌሎቹ ላዙር፤ ሁሉንም በጎረቤት አማካሪ ማላከክ አግባብ አይደለም። ሞዶቹን የሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች ለምሳሌ። «ሞድ ኦርጋናይዘር» ጨዋ ነው፤ ሞዶቹን በየራሳቸው ፎልደር ያስቀምጥና ጌሙ ሲነሳ ብቻ ዳታ ውስጥ ያሉ ያስመስላቸዋል። ዳታ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። «ቮርቴክስ» ግን ፋይሎቹን በሃርድ ሊንክ ዳታ ውስጥ ያሰማራል። ሃርድ ሊንክ ማለት አንድ ክፍል በሁለት በር ማለት ነው፤ አንዱን በር ብትደፍን ክፍሉ አይፈርስም። መጀመሪያ «ፐርጅ» የሚለውን ሳትጫን ቮርቴክስን ብታራግፍ አስተዳዳሪው ሄዶ ሠራተኞቹ ቢሮ ውስጥ ይቀራሉ። ይህን ከመጫኑ በፊት የሚያውቅ ስንት ሰው ነው?

ከሁሉም የባሱት ግን ሞዱን በ«ኢኤክስኢ» ጠቅልለው የሚለቁት ናቸው። ድርብ ክሊክ ታደርጋለህ፣ አንድ ቡና የሚያስፈላ ጊዜ ያህል ይሮጣል፣ «ተጠናቋል» ይላል። ምን የት አስገባ? ምን ላይ ጻፈ? ዝርዝር የለም። ዕቃ ሳይፈርም አስገብቶ ሲወጣ «የኔ አይደለም» የሚል ተከራይ!

ለዚህ ደግሞ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ያህል ምስክር የለም። ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። የሱ በሽታ የስካይሪም ተቃራኒ ነው። የመኪናው ሁሉ ቅርጽና ቆዳ «ጂቲኤ3» በሚባል አንድ ትልቅ «አይኤምጂ» ፋይል ውስጥ ነው። በድሮው መንገድ ኢንፈርነስን ወደ ላምቦርጊኒ የቀየረው ሰው ያንን ፋይል ከፍቶ የቀድሞውን አውጥቶ በምትኩ አዲሱን አስገብቷል። እዚህ የሚነሳ ትርፍ ፋይል የለም። ኦሪጅናሉ የለማ! ሞዱን «ማራገፍ» የሚባል ነገር ራሱ ትርጉም ያጣል። ኮፒው ክራክ ከሆነ ደግሞ የሚያረጋግጥ ቁልፍም የለህም። ያ ፋይል ከጌም ቤት ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛ ወደ ታናሽ ወንድም ሲሄድ፣ ታናሹ ላምቦርጊኒው ከነተፈጥሮው ያለ መስሎት ያድጋል። ንጹሑን ቢያሳዩት «ይሄ ሞድ ነው» ባይል ምን አለ በሉኝ።

«ታዲያ ሞድ ባሕሪው ነው፣ ምን ይደረግ» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም! ማይንክራፍትን ተመልከቱ። ድሮ ሞድ ለማስገባት የጌሙን «ጃር» ፋይል ከፍተህ፣ ውስጡ «ሜታ ኢንፍ» የሚባለውን ፎልደር ሰርዘህ፣ ሌላ ፋይል መሙላት ነበረብህ። የመልክ ነገርን ግን ለይተው ያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 1.6 እትም የመጣው «ሪሶርስ ፓክ» ለብቻው ተቀምጦ ከላይ የሚደረብ ነው። ከዝርዝሩ አወጣኸው፣ የድሮው መልክ ተመለሰ። ምክንያቱም የጌሙን የራሱን ፋይል የነካው የለም። ሲፈልጉ ይቻላል ማለት ነው።

ቤተስዳስ? እ.ኤ.አ. በ2002 ከሞሮዊንድ ጋር መሥሪያውን አብሮ የሰጠ ድርጅት ነው፤ ጌሞቹ ዕድሜያቸው የረዘመው በሞደሮች ነፃ ላብ ጭምር ነው። በ2015 ከቫልቭ ጋር ሆኖ ሞዶቹን በገንዘብ ሊያሸጥ ሞክሮ፣ ተጫዋቹ ሲጮህበት በቀናት ውስጥ ተወው። ገንዘብ መቀበያውን ለማሰብ ጊዜ ነበረው። በጌሙ ሜኑ በኩል የወረዱትን ሞዶች ማንሳት ይቻላል፤ በእጅ የገባውን ግን «ይህ ፋይል የእኔ አይደለም» ብሎ የሚያሳይ አንዲት ቁልፍ ለመጨመር ምን ያህል ይከብድ ነበር? የራሱን ፋይሎች ስም እንደሁ ያውቃቸዋል።

ሞድ ለምትሠሩ ልጆች፣ እዚህ አገርም እየበዛችሁ ነውና፣ የምጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው፦ ያስገባችኋቸው ፋይሎች ስምና ቦታ፤ የምትተኩት ካለም የትኛውን እንደሆነ። ጌም ቤት ያላችሁ ደግሞ ጂቲኤ3ን ከመክፈታችሁ በፊት ኮፒ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ ወይም «ሞድ ሎደር» የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ሞዱ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል፣ ፎልደሩ ሲነሳ ኢንፈርነስ ኢንፈርነስ ሆኖ ይመለሳል። ጠጋኙ ፍላሹን ይዞ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ጌሙ የትኛው ድራይቭ ላይ እንዳለ ጠይቁት። «ሁሉንም ነው የማጠፋው» ካለ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።