ሳሎኑ ጂፕሰም፣ ደረጃው ጨለማ

ነሐሴ ከተጋመሰ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንቅልፍ የለም። ከላይ ድሪል ይጮኻል፣ ከታች የቀለም ሽታ ይወጣል፣ ደረጃው ላይ ኤል ሼፕ ሶፋ የተሸከሙ ልጆች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። ዕቁብ የወጣለት ጂፕሰም ያሠራል፤ ያልወጣለት ተበድሮም ቢሆን መጋረጃ ይቀይራል። ግድግዳው ግራጫ፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ በጂፕሰሙ ጠርዝ የተደበቀ ሰማያዊ መብራት። አንዱን ሳሎን ያየ ሁሉንም አየ፤ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ይመስላል።

ለእንቁጣጣሽ ቤት ማደስ የቆየ ወግ ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በ1997 ተመዝግቦ ዕጣው በ2011 የወጣለት ሰው 14 ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ሲንከራተት ኖሯል። ምስማር ለመምታት አከራይ ሲያስፈቅድ የኖረ ሰው የገዛ ግድግዳውን በወደደው ቀለም ቢቀባ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ወጪ ለምን በራፉ ላይ ያቆማል?

ከዚያ ካማረ ሳሎን አንድ እርምጃ ውጡ። አምፖሉ የተቃጠለው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። የደረጃው መደገፊያ ብረት ተነቅሏል። ካለፈው ዓመት እድሳት የተረፈ የሴራሚክ ስባሪ በጆንያ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ጨለማ ነው አራተኛ ፎቅ ያሉ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግድግዳ እየዳበሱ የሚወጡት። ውኃ የጠፋ ዕለት ልጆች 20 ሊትር ጄሪካን የሚጎትቱት በዚሁ ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ታማሚ በወንበር፣ አስከሬን በትከሻ የሚወርደውም በዚሁ ደረጃ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው በስልኩ መብራት እየረገጠ ወጥቶ ሰማያዊ መብራት ያለበት ሳሎን ሲገባ ምን ብሎ ይሆን?

ይባስ ብሎ እድሳቱ ራሱ የጋራውን ያበላሻል። ቀቢው የተረፈውን ስታኮ ሽንት ቤት ውስጥ ይደፋል፤ ቱቦው ሲደፈን ፍሳሹ የሚወጣው አንደኛ ፎቅ ካለው ጎረቤት ወለል ላይ ነው። ያ ጎረቤትም ለበዓሉ ቀለም ቀብቶ ነበር።

«የጋራው የመንግሥት ነው» የሚል ሰው አለ። አይደለም። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት አድርጎታል። ቤት የገዛ ሰው የደረጃውንም ድርሻ ገዝቷል፤ የጋራ ወጪ መክፈልም ግዴታው ነው። ካርታው ላይ ስማችን ሲጻፍ እልል ያልን ሰዎች ለአምፖል ወረዳውን የምንጠብቅበት ምክንያት አይገባኝም።

ጠንካራው መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፤ «ኮሚቴው ገንዘቡን ይበላል»። በብዙ ሳይት ይህ ሐሜት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በግ እንዲታረድባቸው፣ ልብስ እንዲታጠብባቸው፣ እንጀራ እንዲጋገርባቸው ተብለው የተሠሩት የጋራ ሕንፃዎች ስንቱ ቦታ ተከራይተው ሱቅና መጋዘን ሆነዋል! ኪራዩ የት እንደገባ የሚጠይቅ ነዋሪ ደግሞ «ነገረኛ» ይባላል። የእንቁጣጣሽ በግ መኪና ማቆሚያ ላይ ታርዶ ደሙ ወደ ቦይ የሚፈስሰው ለዚህ ነው። ይሁንና ለጂፕሰም ሠራተኛ ቀብድ ሰጥቶ የማያውቀውን ሰው የሚያምን ነዋሪ፣ ሂሳብ አሳዩኝ ለማለት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ መቅረቱ ኮሚቴውን አይጎዳውም። እንዲያውም ይመቸዋል።

ከኮሚቴው የባሰ አንድ ወገን አለ፤ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ወይም ሌላ አገር የሚኖረው ባለቤት። የጥበቃና የጽዳት ሲጠየቅ «ተከራዩን አናግሩ» ይላል። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ቀለም ይቀባል፣ ቧንቧ ይጠግናል፣ ቤቱ ሲያምር አከራዩ ኪራይ መጨመር ያምረዋል። አዋጅ 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ስንቱ ተከራይ ግን ይህን ጠቅሶ ለመከራከር ይደፍራል? ደረጃው ላይ ያለው ድርሻ የአከራዩ ነው፤ መዋጮውም ከእርሱ ኪስ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ዘንድሮ ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት የደረጃችሁን በሮች አንኳኩ። በአንድ መውጫ 20 ቤት ቢኖርና እያንዳንዱ 500 ብር ቢያዋጣ 10,000 ብር ይሆናል። ለየፎቁ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ለመደገፊያው ብየዳ የሚሆን ገንዘብ ነው፤ ከተረፈ ለኖራ። ብሩን ለማንም ኮሚቴ አትስጡ፤ ሁለት ሰው መርጣችሁ ደረሰኙን የመግቢያው በር ላይ ለጥፉ። የውጭ አገሩ ባለቤት ድርሻ ደግሞ በስልክ ይጠየቅ፤ የኪራዩን ብር በባንክ የሚቀበል ሰው 500 ብር መላክ አያቅተውም። ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ብየዳ ሠራተኛ መያዝ ይሻላል፤ በበዓል ሰሞን አይገኙም።