ገበያ ዳኛ አይደለም

በወጣቶቻችን መካከል አንድ አባባል እየተለመደ ሄዷል። ይኸውም «ፊልሙ ጥሩ ቢሆን ኖሮ አከፋፋይ አያጣም ነበር፤ ሰው ያላየው ፊልም መታየት የማይገባው ስለ ሆነ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚናገሩ ሰዎች የንግድን ምሥጢር የተረዱ አዋቂዎች ይመስላቸዋል። እኔ ግን አባባሉ ሐሰት ነው እላለሁ፤ ከሐሰትነቱም በላይ ሰነፍ ተመልካች ከወቀሳ የሚሸሸግበት ዋሻ ነው። ምክንያቴንም በተራ አስረዳለሁ።

አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ወረቀት፣ ብዕርና ትዕግሥት ካለው ድርሰቱን ሊጨርስ ይችላል። ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። ካሜራው ኪራይ አለው፤ መብራቱ፣ የድምፁ መሣሪያ፣ የተዋንያኑ ቀለብና መጓጓዣ፣ በመጨረሻም ምስሉንና ድምፁን ማስማማቱ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህም ሁሉ ወጪ የሚወጣው አንዲት ሳንቲም ከመግባቷ በፊት ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። ሲኒማ ቤቱ የሌላ ሰው ነው፤ ፊልሙን ለሲኒማ ቤቶች የሚያድለው አከፋፋይም ሌላ ነው። ተመልካቹ ከሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል፤ አከፋፋዩ የድካሙንና የማስታወቂያውን ይቀንሳል፤ የተረፈ ነገር ካለ ለፊልሙ ባለቤት ይደርሰዋል። እንግዲህ ዘሩን የዘራው ሰው በአውድማው ላይ የመጨረሻ ተካፋይ ነው ማለት ነው። አከፋፋዩ ከነጭራሹ «አልፈልግም» ያለ እንደ ሆነማ ሕዝቡ እንዲህ ያለ ፊልም መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ያላየውን ነገር «ጠላው» ተብሎ በስሙ የሚፈረድ ከሆነ፣ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ለዚህ ነገር ከአገራችን ሰው ከኃይሌ ገሪማ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወልደው በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሙያ ተምረውም ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ። የባለርስትንና የጢሰኛን ኑሮ የሚያሳየውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለ ፊልማቸውን በ1974 አገራቸው መጥተው የቀረጹት በጥቂት ገንዘብና በአጭር ጊዜ ነበር።

በ1993 ደግሞ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አቀረቡ። ቃሉ በጋና በሚኖረው በአካን ሕዝብ ቋንቋ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀረውን ማንሣት ማለት ነው። ታሪኩም ከአፍሪካ ተግዘው በአሜሪካ እርሻ በባርነት ስለ ደከሙ ሰዎችና ስለ እምቢተኝነታቸው ነው። ገንዘቡን ማሰባሰብ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከጀርመን የተገኘ እርዳታ ተጨምሮበት ሥራው ተፈጸመ። በዚያው ዓመትም በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ አከፋፋዮች በራቸውን ዘጉበት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ልብ በል። በአባባላችሁ መሠረት ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን ራሳቸው በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ፊልሙን አሳዩ። ሰዉም ተሰልፎ ገባ፤ ያየው ላላየው ነገረ። በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንም ተሰባስበው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ፊልሙን ወደየከተማቸው አስመጡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው በእነዚህ ሰዎች ላይ ተፈጸመ። ባልና ሚስቱም ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የሚጠራ የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ በኔትፍሊክስ ለብዙ አገር ሕዝብ ቀረበ። በእነዚያ 28 ዓመታት ታሪኩ ያው ታሪክ ነው፤ ተዋንያኑም ያው ናቸው። የተለወጠው በሩን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

«አከፋፋዩ ነጋዴ ነው፤ ኪሳራን ቢፈራ ምን ኃጢአት አለበት?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነጋዴ ኪሳራን በመፍራቱ አልወቅሰውም። በበር የተመለሰ ፊልም ሁሉም ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። ድምፁ የማይሰማ፣ ታሪኩ የላላ ፊልም ሠርቶ «ጊዜ አልተረዳኝም» እያለ የሚያለቅስ ሰው ሞልቷል። እኔ የምቃወመው የጥቂት ነጋዴዎች ፍርሃት የሕዝብ ፍርድ ተብሎ ሲጠራ ነው። ገበያ ዋጋን ይናገራል እንጂ ክብርን አይመዝንም።

አሁን ወቀሳዬን ወደ ራሳችን ልመልስ። የኃይሌ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2009ም በዋጋዱጉ ታላቁን የወርቅ ፈረስ ሽልማት ወሰደ። በዚያን ጊዜ «የኛ ሰው!» ብሎ ደረቱን ያልነፋ ማን ነበር? ነገር ግን ደረቱን ከነፋው ሰው ስንቱ የመግቢያ ዋጋ ከፈለ? የተሰረቀውን ኮፒ ከስልክ ወደ ስልክ እያስተላለፈ «ለጓደኛዬ ሰጠሁት እንጂ አልሸጥሁትም» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ወንድሜ ሆይ፤ ከጎረቤትህ ጎተራ እህል ሰርቀህ ለወዳጅህ በነጻ ብትሰጠው ቸር ትባላለህን? ፊልም የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን መኸር ካልሰበሰበ ለሁለተኛው የሚሆን ዘር ከየት ያመጣል? አከፋፋዩ ፊልሙን ከፊት በር መለሰው፤ አንተ ደግሞ በጓሮ ዘረፍኸው። ከሁለታችሁ ይልቅ የሚያሳዝነው የአንተ ነው፤ እርሱ ወዳጅ ነኝ አላለምና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምትችል ከሆነ ከፍለህ እይ። ብቻህን የማትችል ከሆነ በትምህርት ቤትህ ወይም በሰፈርህ ጓደኞችህን አሰባስብና፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አዋጥታችሁ አሳዩ። ካያችሁም በኋላ ጥሩውን ጥሩ፣ ክፉውን ክፉ በሉ፤ ሽንገላ ለሠሪው አይጠቅመውምና። ፊልም ለመሥራት የምታስቢ እኅቴ ሆይ፤ ካሜራውን ስትማሪ የሒሳብ መዝገቡን አብረሽ ተማሪ፤ ፊልምሽን ከመቅረጽሽ በፊት ማን እንደሚያየውና በየትኛው አዳራሽ እንደሚታይ አስቢበት። በሩን የሚከፍትልሽ ባለጸጋ ስትጠብቂ ዕድሜሽ እንዳያልፍ።

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አባቶቻችን። የራሱን ታሪክ ለማየት ዋጋ የማይከፍል ሕዝብ ሌሎች የመረጡለትን ሲያይ ይኖራል፤ ያን ጊዜም በገበያው ማመካኘት አይችልም።