ከጉልበት በፊት ካምቢዮ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ መኪናን ይፈትናል። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመላለሱ አንዳንዶች ለዳገቱ ብለው ሞተሩ ላይ ቱርቦ ያስጨምራሉ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮውን ግን እንዳለ ይተዉታል። ትርፉ ጉልበት የውስጡን የፍሪሲዮን ሸራ ያንሸራትታል፤ ዘይቱ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል። ቁልቁለት ላይ ማርሹ ካልያዘ ደግሞ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ገደል የሰው ነፍስ አለ።

ስለዚህ አስቀድመን ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ እናስገጥም፤ ሸራውን በጠንካራ እናስቀይር፤ የዘይቱን ግፊት እናስተካክል እንላለን። ወጪው ከከበደን ጉልበቱ ይቆይ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የነገረን ምሳሌ (ሉቃስ 14፥28) ይህንኑ ያስተምረናል። በአገልግሎታችንም ኃይልን ስንለምን ኃይሉን የሚሸከም ትዕግሥት አብረን እንለምን።